ከመሃል ወደ ዳር፦ በከተማ ውስጥ የሚደረግ የነዋሪዎች ዝውውር

የከተማ ውስጥ ዝውውር የሚባለው ነዋሪዎች ከከተማቸውና ከዙሪያዋ ሳይወጡ ሰፈር መቀየራቸው ነው። ከገጠር እንደሚመጣው ፍልሰት ጎልቶ አይታይም። ፍራሽ፣ ቁምሳጥን፣ ጥቂት ዕቃ በአንድ ጭነት መኪና፤ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ሰው ለምን ይለቃል? ፒተር ሮሲ የተባለ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመው የፊላደልፊያ ጥናት ዋናው ምክንያት የቤት መጥበብ መሆኑን አሳየ። ልጅ ሲወለድ ሌላ ክፍል ያስፈልጋል። በፔሩ ለዓመታት የሠራው እንግሊዛዊው አርክቴክት ጆን ተርነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በፍጥነት የሚያድጉ ከተሞችን ገለጸ። ወደ ከተማ አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ መሃል ከተማ፣ ሥራ አጠገብ፣ ጠባብ ክፍል ይከራያል። ኑሮው ሲረጋ ዳር ወጥቶ የራሱን ቤት ይጀምራል። ዘንድሮ አንድ ክፍል፣ ለከርሞ ሌላ።

ዳር መኖር የተቻለው በትራንስፖርት ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1863 የመሬት ውስጥ ባቡር ጀመረች፤ ሐዲዱ በተዘረጋ ቁጥር አዳዲስ ሰፈሮች ተከተሉት። በአሜሪካ መኪናና የቤት ብድር ያንኑ አደረጉ። ኒው ዮርክ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1947 የተጀመረችው ሌቪታውን በሺዎች የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ቤቶች ተሠሩባት። ጥቁሮች ግን እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር።

ተገፍተው የሚሄዱም አሉ። የሶሲዮሎጂ ባለሙያዋ ሩት ግላስ እ.ኤ.አ. በ1964 የለንደን የሠራተኛ ሰፈሮች በተሻለ ገቢ ባላቸው ሰዎች እየተያዙ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ሲለቁ አይታ ጽፋለች። ኪራይ ይጨምራል፣ ወይም ሰፈሩ ይፈርሳል። ተከራይ ምን አማራጭ አለው?

ትልቁ ጣጣ ቤት ዳር ሲወጣ ሥራ መሃል መቅረቱ ነው። ቢሮ የምታጸዳ አንዲት ሴት፣ የቢሮው ሠራተኞች ሳይገቡ ለመጨረስ ሌሊት አሥር ሰዓት ትነሳለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ትራንስፖርት ትቀይራለች። ማታ ስትመለስ ልጆቿ ተኝተዋል። ከኪራይ የተረፋት ገንዘብ በመንገድ ያልቃል፤ ውሃው፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱም ዘግይተው ነው የሚደርሱላት። እንዲህ ያለውን ቤት ርካሽ ማለት ይከብዳል።

የሕዝብ ቆጠራም ብዙውን ጊዜ ይህን የሰፈር ዝውውር አይዝም። ሰው የሚቆጠረው በመኖሪያው ነው፤ በዚያው ከተማ ሰፈር ቢቀይርም እንደተዛወረ ላይመዘገብ ይችላል። አውቶቡስ የሚመድብ አካል ግን ሰዉ የት እንደሚያድር ብቻ ሳይሆን የት እንደሚውልም ማወቅ አለበት።