የሆስፒታል ዕቅድና የታካሚ ድምፅ፦ ደሴ ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሆስፒታሎች የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ሲያወጡ «ታካሚውንም ሠራተኛውንም እናሳትፍ» ይላሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። አሳታፊነቱን ከንቱ የሚያስቀሩ አባባሎች ግን አሉ፤ ደሴም ኮምቦልቻም ይሰማሉ።

«ታካሚው ረክቷል፣ መጠይቁ ይመስክር»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የወሎ ሰው ሲጠየቅ ምስጋና ይቀድመዋል። ጋውን የለበሰ ልጅ ወረቀት ይዞ «እማማ፣ አገልግሎቱ እንዴት ነበር?» ካላቸው፣ መልሳቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ወይም «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ነው። ነገም ተመልሰው ይመጣሉ፤ ማንን ያስቀይማሉ? ወረቀቱ ላይ «በጣም ረክቻለሁ» ተብሎ ይሞላል።

አጠያየቁ ይለወጥ። «ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ? ካርድ ስንት ሰዓት አወጡ? የትኛውን መድኃኒት ከውጭ ገዙ?» ይባሉ። ያኔ እኚሁ እናት ከኩታበር ገጠር ሌሊት 10 ሰዓት እንደተነሱ፣ የላብራቶሪ ውጤት «ከሰዓት ተመለሱ» እንደተባሉ፣ ጤና መድኅን እያላቸው መድኃኒቱን ከግል ፋርማሲ እንደገዙ ይናገራሉ። ላብራቶሪው ይስፋ ወይስ የመድኃኒት በጀቱ ይጨመር የሚለው የሚወሰነው በእንዲህ ያለ መልስ ነው። ሰልፉ አማርሯቸው ሳይታከሙ የሄዱትን ደግሞ መውጫ በር ላይ አናገኛቸውም። እነሱን ፍለጋ ቀበሌ ድረስ መውረድ ያስፈልጋል።

«የአስተያየት መስጫ ሳጥን ሰቅለናል»

መጻፍ የማይችለውስ? ከአፋር ወይም ከከሚሴ በኩል መጥቶ አማርኛ የማይቀናውስ? ቁልፉ ማን ጋ እንዳለና በየስንት ጊዜው እንደሚከፈትም ይጠየቅ።

«ገበሬው ስለ ሕክምና ምን ያውቃል?»

የመድኃኒቱን መጠን ላያውቅ ይችላል። የደከመበትን መንገድ፣ ያወጣውን ገንዘብና ሆስፒታል ውስጥ የተነገረውን ቃል ግን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። መዋጮ የሚከፍል ሰው በዕቅዱ ላይ የመናገር መብት አለው።

«ሠራተኛው ከተጠየቀ ወሬው ደመወዝ ነው»

ደመወዝ ያነሳል፣ ማንሳቱም ተገቢ ነው። ግን በዚያ አያበቃም። የትኛው የኦክስጅን ሲሊንደር ባዶ እንደሆነ፣ ተረኛ ሲቀያየር የትኛው መረጃ እንደሚጠፋ የምታውቀው የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ናት። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ዕቃ ተዘርፎና ወድሞ ነበር። ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ ምን ይቅደም የሚለውን ከነርሶቹና ከጽዳት ሠራተኞቹ በላይ ማን ይንገረን?

እንግሊዝ አገር የሆነውም ያስተምራል። በሚድ ስታፎርድሺር የሆስፒታል አስተዳደር ላይ በሮበርት ፍራንሲስ የተመራው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2013 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ አመራሩ በገንዘብና በግብ ተጠምዶ የታካሚንም የሠራተኛንም ቅሬታ በወጉ እንዳልሰማ፣ በዚህም ሕሙማን ክፉኛ እንደተጎዱ ገልጿል። ሠራተኛው የሚፈራው አለቃ ካለ ደግሞ ስም የማይጻፍበት መንገድ ይዘጋጅ፤ አለዚያ ማንም ትንፍሽ አይልም።

«አስተያየት ከተቀበልን ሁሉንም መፈጸም ግድ ነው»

ግድ አይደለም። አንድ ሰው አንዴ ያማረረበትና ከየክፍሉ ወር በወር የሚመጣ ቅሬታ እኩል አይታዩም። ዕቅድ ውስጥ የሚገባው ሁለተኛው ነው። ግድ የሆነው መልስ መስጠት ነው። ጠዋት ሰው ካርድ ክፍል ደጃፍ ተራ ሲጠብቅ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ «ይህን ብላችሁን ነበር፤ ይሄ ተስተካክሏል፤ ያኛው በጀት ስለሌለ ለከርሞ ተላልፏል» ተብሎ ይነገረው።