ክሮፍት፦ በስኮትላንድ ደጋማ ምድርና ደሴቶች የአነስተኛ ይዞታ ቤተሰብ ኑሮ

ክሮፍት በስኮትላንድ ሰሜንና ምዕራብ ደጋማ ምድርና በዙሪያው ባሉት ደሴቶች የሚገኝ፣ በሕግ የተመዘገበ አነስተኛ የእርሻ ይዞታ ነው። የሚበዙት ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። በጠቅላላው ከ20,000 በላይ ሲሆኑ ባለይዞታው ክሮፍተር ይባላል። ክሮፍትን ከሌላ እርሻ የሚለየው ግን ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብን ብቻውን እንዲያኖር ታስቦ ያልተከለለ መሬት መሆኑ ነው። እናት ማለዳ ላሞቹን አይታ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ሆስፒታል ሥራዋ የምትሄደው፣ አባት ቀን ከሳልመን ዓሣ እርባታ ወይም ከመርከብ ውሎ ማታ በባትሪ ብርሃን በጎች የሚያዋልደው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ባለርስቶች ሸለቆዎቹን ለትልልቅ የበግ እርሻ ሲፈልጓቸው ነዋሪውን ነቅለው አባረሩ። ከፊሉ ወደ ሰሜን አሜሪካና ወደ ሌላ ባሕር ማዶ ተሰደደ፤ የቀረው ደግሞ በድንጋያማው የባሕር ዳርቻ ቁራሽ መሬት እየተሰጠው ሰፈረ። በብዙ ቦታ ቁራሹ ሆን ተብሎ ጠባብ ተደረገ። ምክንያቱም ባለርስቱ የሚፈልገው ራሱን የቻለ ገበሬ ሳይሆን የባሕር አረም ሰብስቦ የሚያቃጥል የጉልበት ሠራተኛ ነበር፤ አመዱ ለሳሙናና ለመስታወት ፋብሪካዎች ይሸጥ ነበርና። እ.ኤ.አ. ከ1815 በኋላ፣ የናፖሊዮን ጦርነት አብቅቶ ርካሽ የውጭ ምርት ሲገባ፣ የአመዱ ገበያ ወደቀ። ሕዝቡ ግን በዚያው ጠባብ መሬት ላይ ድንች ብቻ ተማምኖ ቀረ። በ1846 የድንች በሽታ ሲገባ ረኃቡ የጠናው በዚህ የተነሳ ነው።

የመሬት ጥያቄው እየተጠራቀመ ሄዶ በ1882 በስካይ ደሴት በብሬስ መንደር ጭሰኞችና ፖሊሶች እስከ መጋጨት ደረሱ። በ1883 መንግሥት በሎርድ ኔፒየር የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በ1886ም የክሮፍተሮች ሕግ ወጣ። ክሮፍተሩ ዛሬም በመሠረቱ ጭሰኛ ነው፤ ነገር ግን ባለመሬቱ በፈቀደ ጊዜ የሚያስነሳው ጭሰኛ አይደለም። ኪራዩ ሲያከራክር በፍርድ ይወሰናል፣ ይዞታውን ለወራሽ ያስተላልፋል፣ በመሬቱ ላይ ለሠራው ቤት፣ አጥርና ቦይ ለቆ ሲሄድ ካሳ ያገኛል። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ የዓመት ኪራዩን 15 እጥፍ ከፍሎ መሬቱን የራሱ ማድረግ ይችላል። የዓመት ኪራዩ ብዙ ጊዜ ከ100 ፓውንድ በታች ስለሆነ ዋጋው ለሰሚው የማይታመን ነው።

መብቱ ከግዴታ ጋር ይመጣል። ክሮፍተሩ ከይዞታው በ32 ኪሎሜትር ክልል ውስጥ መኖር፣ መሬቱን ማልማት ወይም ለሌላ ጠቃሚ ተግባር ማዋል፣ ጦም እንዳያድርና እንዳይበላሽ መጠበቅ አለበት። ኢንቨርነስ ያለው የክሮፍት ኮሚሽን በየዓመቱ ቅጽ እየላከ ይህን ይጠይቃል። ቅጹን በቸልታ መተው የማይመከር ነገር ነው፤ መልስ አለመስጠት ራሱ ያስቀጣል።

መንደሩና የጋራ ግጦሹ

ክሮፍቶች ብቻቸውን ተበታትነው አይገኙም፤ በመንደር የተሰባሰቡ ናቸው። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ይዞታ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ወደ ኮረብታው የሚወጣ ቀጭን ቁራጭ ነው። እንዲህ መከፈሉ ለሁሉም ከደህናውም ከመጥፎውም አፈር፣ ከባሕሩም ከመንገዱም ድርሻ ለማዳረስ ነው። ከአጥሩ በላይ ያለው ኮረብታ የጋራ ግጦሽ ሲሆን በመላው አካባቢ ከ500,000 ሄክታር በላይ ይሆናል። እያንዳንዱ ባለድርሻ ስንት በግ፣ ስንት ላም መልቀቅ እንደሚችል በቁጥር ተወስኗል። ባለድርሻዎቹ የሚመርጡት ኮሚቴና ጸሐፊው አጥሩን፣ የበጎች በረቱን፣ ገንዘቡንና ጠቡን ያስተዳድራሉ። ጸሐፊነት ምስጋና የሌለው ሥራ ነው፤ ጥሩ ጸሐፊ ያለው መንደርና የሌለው መንደር ግን ከአጥሩ ሁኔታ ብቻ ይለያሉ።

ከኮረብታው በጎችን ማውረድ የመንደር ሥራ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢሞክር በጎቹ በአንዱ ጎን ሲሰበሰቡ በሌላው ያመልጣሉ። ስለዚህ ሰዎች ከእረኛ ውሾቻቸው ጋር በሰፊ መስመር ተዘርግተው ከላይ ወደ ታች ይነዳሉ። ልጆችም ክፍተት በሚታይበት ቦታ ይቆማሉ። ጉም ሲወርድ ሥራው ይቋረጣል፤ ውሻውም በጉም ውስጥ ከጌታው ፉጨት በቀር መሪ የለውም። በብዙ መንደር የሰው እጅ እያነሰ በመሄዱ ዛሬ ባለአራት ጎማ ሞተር ሳይክል ብዙውን ርቀት ይሸፍናል። ረግረጉና ገደሉ ግን አሁንም በእግር ነው።

የግልገል ወቅት

ከዓመቱ ሁሉ ቤቱን እንቅልፍ የሚነሳው ጊዜ ይህ ነው። በግ የምትወልደው በአማካይ በ147 ቀን ስለሆነ፣ አውራው በግ ኖቬምበር 20 ከተለቀቀ የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች በኤፕሪል አጋማሽ ይደርሳሉ። በዚህ ኬክሮስ ሣር የሚነሳው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ አውራውን በኦክቶበር የለቀቀ ሰው በማርች በረዶና ዝናብ ውስጥ ወተት የሌላቸው እናቶችን ያያል። አውራው ደረቱ ላይ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ በየ16 ወይም 17 ቀኑ ይቀየራል። የእንስቷ ዑደት 17 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ቀለም እንደገና የተቀባች በግ በመጀመሪያው አልያዘችም ማለት ነው። የወገቧ ቀለም መቼ እንደምትወልድም ይናገራል።

በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት መንታ የያዘች በግ ልዩ ጥንቃቄ ትሻለች። ጽንሶቹ ሆዷን ስለሚያጣብቡት ብዙ ድርቆሽ መብላት አትችልም፤ ጉልበት ሲያጥራት የራሷን ስብ ታቀልጣለች፣ ይህም ደሟን ይመርዛል። መጀመሪያ ከመንጋው ትነጠላለች፣ ቀጥሎ ዓይኗ የማያይ ይመስላል፣ ከዚያ ትወድቃለች። ከወደቀች በኋላ ማትረፍ ከባድ ነው። መከላከያው እህል ነክ መኖን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ መስጠት ነው።

ግልገሉ እንደተወለደ የእትብቱ ጫፍ በአዮዲን ይነከራል፤ ካልሆነ ተሕዋስያን በዚያ ገብተው መገጣጠሚያዎቹን ያሳብጣሉ። ቀጥሎ እንገር ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፤ 4 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። እናቲቱ እምቢ ካለች ከሌላ በግ ታልቦ በረዶ ቤት የተቀመጠ እንገር ለብ ተደርጎ ይሰጣል። በፈላ ውሃ ማቅለጥ ግን በሽታ ተከላካዩን ያጠፋዋል።

ዝናብ ከነፋስ ጋር ከመጣ ከውርጭ ይልቅ ይገድላል። ቀዝቅዞ የተገኘ ግልገል መጀመሪያ በቴርሞሜትር ይለካል። ጤነኛው 39 ወይም 40 ዲግሪ ነው። ከ37 እስከ 39 ከሆነ ማድረቅና እንገር መስጠት ይበቃል። ከ37 በታች ወርዶ ዕድሜው ከ5 ሰዓት ካለፈ ግን ማሞቅ ብቻውን ይገድለዋል፤ የሰውነቱ የስኳር ክምችት አልቋልና ሙቀቱ የቀረችውን ጨርሶ በመንፈራገጥ ይሞታል። በቅድሚያ 20 በመቶ ግሉኮስ፣ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር፣ በሆዱ ግድግዳ በመርፌ ይሰጠዋል፤ ማሞቁ ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ግልገል የሚሞተው ይህን ቅደም ተከተል ባለማወቅ፣ በቅን ልብ ምድጃ አጠገብ እየተቀመጠ ነው።

ወላጅ አልባው ግልገል ልጇ ለሞተባት እናት ይሰጣል። የሞተው ግልገል ቆዳ ተገፎ ለእንግዳው እንደ ጃኬት ይለበስለታል፤ እናቲቱ ልጇን በማሽተት ስለምታውቅ ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ትቀበለዋለች። እናት ያልተገኘለት ወደ ወጥ ቤት ይገባና የልጆች ኃላፊነት ይሆናል፤ ልጆቹም ከትምህርት ቤት በፊትና በኋላ በጡጦ ያጠቡታል። ቁራና ንስር የሚያደርሱት ጉዳትም አለ። በተለይ ከ1975 ጀምሮ በረም ደሴት ተለቅቆ የተራባው ነጭ ጭራ ንስር በባለበጎችና በወፍ ጠባቂዎች መካከል የማያባራ ክርክር ነው።

ጁላይ ላይ በጎቹ ይሸለታሉ። የሸካራ ሱፍ ዋጋ ብዙ ዓመት የሸላቹን ክፍያ እንኳ አይሸፍንም፤ መሸለቱ የሚቀጥለው በጉ በትል እንዳይበላ ነው። በኦገስትና በመኸር ግልገሎቹ እንደ ስቶርኖዌይ፣ ሎክማዲና ዲንግዎል ባሉ ጨረታዎች ይሸጡና በቆላ እርሻዎች ይደልባሉ።

ፒት

ፒት በረግረግ ውስጥ ለሺዎች ዓመታት የተከማቸ፣ ሳይበሰብስ የቀረ የዕፅዋት ቅሪት ሲሆን በተለይ በሉዊስ ደሴት ዋናው የቤት ማገዶ ነበር። አንድ ቤተሰብ ለዓመት 15,000 ገደማ ቁራጭ ያስፈልገው ነበር። ዛሬ አብዛኛው ቤት በዘይት፣ በኤሌክትሪክ ወይም በሙቀት ፓምፕ ይሞቃል፤ የረግረጉ ካርቦንም እንዲጠበቅ ይፈለጋል። ቢሆንም ቆርጦ የሚያነድ ቤት አልጠፋም።

ሥራው በኤፕሪልና በሜይ ይጀመራል። መጀመሪያ የላይኛው ሣርና ሥር ይገፈፋል። የተገፈፈው ሣሩ ወደ ላይ ሆኖ ባለፈው ዓመት በተቆረጠው ወለል ላይ ይነጠፋል፤ ይህ ካልተደረገ መሬቱ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ሁለት ሰው ይተጋገዛል፦ አንዱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ባለው ልዩ መቁረጫ ይገፋል፣ ሌላው ከታች ቆሞ እርጥቡን ቁራጭ ይቀበልና ወደ ሜዳው ይወረውራል። እርጥብ ፒት 90 በመቶ ገደማ ውሃ ስለሆነ ሳሙና ይመስል ያዳልጣል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ፊቱ ሲጠነክር በትንንሽ ክምር ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፤ ነፋሱ በመካከሉ እንዲያልፍ ነው። ቸኩሎ ያነሳ ሰው በእጁ ይሰባበርበታል፤ ዘግይቶ ቆርጦ እርጥቡን ውርጭ ያገኘበት ደግሞ ፍርፋሪ ያገኛል። የታችኛው ጥቁር ፒት ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ረጅምና ብርቱ እሳት ይሰጣል። የላይኛው ቡናማ ለማቀጣጠያ ነው። ቤት ሲደርስ የውጭ ረድፉ ወደ ውጭ ዘመም ብሎ ይከመራል፤ ዝናብ በላዩ እንዲንሸራተት እንጂ እንዳይሰርግ።

እርሻና ጓሮ

ከኮረብታው ሥር ያለው አፈር አሲዳማና ውሃ የሚቋጥር ነው። በዩዊስትና በባራ ደሴቶች ምዕራባዊ ዳርቻ ግን ከተፈጨ ዛጎል የተሠራ፣ ማሃር የሚባል አሸዋማ ሜዳ አለ። በክረምት ማዕበል የጣለው የባሕር አረም ይበተንበትና ትንሹ አጃ፣ ራይና ቤር የሚባለው የጥንት ገብስ በብዛት ተቀላቅለው ይዘራሉ። ቅልቅሉ ከልምድ የመጣ ዋስትና ነው፦ ማሃሩ ማንጋኒዝ ስለሚያጥረው አንዱ ሲቀጭጭ ሌላው ይቆማል። መሬቱ ሁለት ዓመት ገደማ ታርሶ ከዚያ ያርፋል። ሣር የሚታጨድባቸው ሜዳዎች ኮርንክሬክ የተባለችው ብርቅ ወፍ መራቢያ ናቸው። ማጨዱ ከመሃል ወደ ዳር ከሆነ ጫጩቶቹ ሸሽተው ይወጣሉ፤ ከዳር ወደ መሃል ከታጨደ ግን መውጫ ያጣሉ።

ከጓሮው አጠገብ ድንች፣ ዶሮና ጎመን አይጠፉም። ትልቁ ጠላት ብርድ ሳይሆን ጨው ያዘለ ነፋስ ነው። በሸትላንድ ከዓሣ እርባታ ጣቢያዎች ያገለገሉ ቧንቧዎች የሚሠራው ጠንካራ የዕፅዋት ቤት በየደሴቱ የተስፋፋውም ተራው የላስቲክ ቤት በአንድ አውሎ ነፋስ ስለሚቀደድ ነው።

ቤቱ፣ ልጆቹና ደመወዙ

በሉዊስ ደሴት ከተማ በስቶርኖዌይ በዲሴምበር የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በጁን ደግሞ 18 ሰዓት ይሆናል። የቤተሰቡ ኑሮ በዚህ ይመራል፦ በበጋ እስከ ሌሊት ይሠራል፣ በክረምት ላሞቹ በጨለማ ይመገባሉ። ማዕበል ጀልባውን ለቀናት ስለሚያስቀር ትልቅ ማቀዝቀዣና የከረመ ዱቄት የሌለው ቤት የለም። ቀጭኗ የመግቢያ ክፍል የቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና የውሻ ቦታ ናት። በሉዊስና በሃሪስ እሑድ በብዙ ቤት ከብት ከመመገብ በቀር ሥራ የለም፤ ልብስ እንኳ አይሰጣም። ወደ ስቶርኖዌይ የእሑድ ጀልባ የተጀመረው በ2009 ነበር፣ ያውም ከብዙ ተቃውሞ በኋላ። ጌሊክ የቤት ቋንቋ የሆነባቸው መንደሮች እየቀነሱ ቢሄዱም ልጆች በጌሊክ የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ።

ገንዘቡ የሚመጣው ከሁሉም አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ ነው፦ ከደመወዝ፣ ከግብርና ድጎማ፣ ከግልገል ሽያጭ፣ ከእንግዳ ማረፊያ። ሉዊስን፣ ሃሪስን፣ ዩዊስትንና ባራን ባቀፉት ደሴቶች፣ በውጨኛው ሄብሪድስ፣ ሽመናም አለ። በ1993 የወጣው ሕግ ሃሪስ ትዊድ የሚባለው ጨርቅ በደሴቶቹ ነዋሪዎች፣ በየቤታቸው፣ በእጅ እንዲሸመን ያዝዛል። ሱፉም ተነክሮ የሚፈተለው እዚያው ነው። ሸማኔው የመሸመኛ ጎጆውን ቤቱ አጠገብ ስላደረገ ግልገል ሲወለድ ፔዳሉን ትቶ ይወጣል፤ ለክሮፍት እንዲህ የሚስማማ ሥራ ጥቂት ነው።

ዛሬ የሚያሳስበው የይዞታው ዋጋ ነው። ኪራዩ ትንሽ ቢሆንም የይዞታ መብቱ ሲተላለፍ በአስር ሺዎች ፓውንድ ይሸጣል፤ ባሕሩን ለማየት የሚመጣ ገዢ የመንደሩን ወጣት በቀላሉ ያሸንፈዋል። አንዳንድ መንደሮች መሬቱን በጋራ በመግዛት መልስ ፈልገዋል፤ የአሲንት ክሮፍተሮች በ1993፣ የኤግ ደሴት በ1997፣ ሳውዝ ዩዊስት በ2006 ይህን አድርገዋል። በቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያልተጻፈ ኑዛዜ ነው። ክሮፍተር ሲሞት ወራሹ በ24 ወራት ውስጥ ካልታወቀ ኮሚሽኑ ይዞታውን ክፍት ሊያውጀው ይችላል። ወንድማማቾች ሳይስማሙ ዓመት ሲጠፋ አጥሩ ይወድቃል፣ ሣሩ በቄጠማ ይዋጣል፣ ጎረቤትም በጎቹን ያስገባል። ስለዚህ የመንደሩ ጸሐፊዎች ለአረጋውያን ደጋግመው የሚመክሩት አንድ ነገር ነው፦ ወራሹን በጽሑፍ ለይተው እንዲያስቀምጡ፣ ቢቻል ደግሞ በሕይወት እያሉ ይዞታውን በኮሚሽኑ ፈቃድ ለተተኪው እንዲያስተላልፉ።