«ያኔስ ምን ሆነ?» ለሚሉኝ፦ ስለ ኮምፒውተር ማስጠንቀቂያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ላይ በኮምፒውተርና በዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት እንደ አንድ ጥያቄ የሰለቸኝ ነገር የለም። «በፈረንጅ 2000ም ኮምፒውተር ሁሉ ሊቆም ነው ብላችሁ ነበር። ምን ሆነ?» የሚሉኝ የቢሮ ኃላፊዎች ናቸው። ያውም በ2038 ብዙ ኮምፒውተሮች ቀን ስለሚስቱበት ችግር ላስረዳ በገባሁ ቁጥር። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው።

«የ2000ው ማስጠንቀቂያ ውሸት ነበር»

አልነበረም። የድሮ ፕሮግራሞች ቦታ ለመቆጠብ ዓመትን በሁለት አሃዝ ብቻ ይጽፉ ነበር። 1999 «99» ነው። 2000 ሲገባ «00» ይሆናል፤ ማሽኑም 1900 ነው ብሎ ያነበዋል። ቀኑ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት ፕሮግራመሮች ኮዱን መስመር በመስመር እያነበቡ ለዓመታት ሲያስተካክሉ ከረሙ። በመላው ዓለም 300 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣበት ይገመታል። ዓለም በሰላም ያደረችው በዚህ ነው።

ያመለጠም ነበር። እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ አንድ የምርመራ ፕሮግራም የነፍሰ ጡሮችን ዕድሜ አሳስቶ አሰላ። ከ150 በላይ ሴቶች ስለ ፅንሳቸው የተሳሳተ የዳውን ሲንድረም (ከልደት ጋር የሚመጣ የዘረመል ችግር) ምርመራ ውጤት ተነገራቸው። ለእነሱ «ምንም አልሆነም» ማለት ይቻላል?

አጎቴ ቡሬ በቆሎ ያመርታል። ጎተራ ከመክተቱ በፊት እህሉን አሳምሮ ያደርቃል፤ ጎተራውን ይጠርጋል፤ ስንጥቁን በጭቃና በእበት ይለቀልቃል። ክረምቱን ከርሞ ነቀዝ ያልነካው በቆሎ ሲያወጣ «ነቀዝ የሚባል ነገር የለም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። በእኛ ሥራ ላይ ግን ሰው እንደዚያ ብሎ ይፈርዳል። ሲበላሽ «የት ነበራችሁ?» ሳይበላሽ ሲቀር «ምን ሠራችሁ?» ይሄ ከልቤ ያናድደኛል።

«2038 ገና ሩቅ ነው»

መጀመሪያ ነገር 2038 የፈረንጅ ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ ያውም የጥምቀት ዕለት። ሰዓቱ እንኳ ይታወቃል፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕር ያደሩበት ማለዳ ማለት ነው።

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በፈረንጅ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በ32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች፣ የሚቆጥሩት ከ2,147,483,647 በላይ አይችሉም። ከዚያ ላይ አንድ ሰከንድ ሲጨመር ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ፣ ከዜሮ በታች፣ ይገለበጣል። ማሽኑም ቀኑ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ብሎ ያምናል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካረፉ ዓመት እንኳ ያልሞላበት ጊዜ ነው።

ደግሞ ችግሩ ቀኑን አይጠብቅም። የወደፊት ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም የሚሳሳተው ዛሬ ነው። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ብድር የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ጠራኝ። አንዲት መምህርት የ20 ዓመት የቤት ብድር ከወሰደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ስሟ በቀይ ተጽፏል፤ ብድሩ ካለፈበት 116 ዓመት ሆኖታል ይላል። ከሥሩ ቅጣት ተደምሯል። ጸሐፊዋ «ጋሼ፣ ቫይረስ ነው መሰለኝ» አለችኝ። መምህርቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጭብጥ አድርጋ «ወንድሜ፣ ቤቱን ይወስዱብኛል እንዴ?» አለች።

ቫይረስ አልነበረም። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን የክፍያ ቀን በ32 ቢት ሰከንድ ነበር የሚያስቀምጠው። 2036 ዓ.ም. ከአቅሙ በላይ ሆነበትና ተገልብጦ 1900 ዓ.ም. ላይ ወደቀ። እሱን እጅግ ትልቅ ቁጥር ወደሚይዘው 64 ቢት መቀየር ግማሽ ቀን አልፈጀም። ከእሱ ጋር የተያያዙትን ሪፖርቶች ማጣራት ግን ሦስት ሳምንት ወሰደብን። ለዚያው መሥሪያ ቤት ከዓመት በፊት ደብዳቤ ጽፌ ነበር። «ሩቅ ነው» ተብሎ ፋይል ውስጥ ገባ።

«ባለሙያው ካልደነገጠ ችግር የለም»

ሰው ከፊታችን ላይ ድንጋጤ ይፈልጋል። እኛ ማስጠንቀቂያ ስንሰማ የምንጠይቀው የትኛው ማሽን፣ የትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው ቀን ብለን ነው። መልሱ ከተገኘ ሥራ ሆነ ማለት ነው፤ በቅደም ተከተል ይሠራል። እኔን የሚያስፈራኝ ስንት ማሽን እንዳለው የማያውቅ ቢሮ ነው። እርግጥ ከእኛም መካከል ማስጠንቀቂያ የለመደ አለ። «ዲስኩ ሊበላሽ ነው» የሚለውን መልእክት ሳያነብ የሚዘጋ ባለሙያ አይቻለሁ። ዲስኩም ተበላሸ፤ ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂም) አልነበረም።

«ሥራ ለመፍጠር ነው የምታስፈራሩት»

የእኔ ደመወዝ ባስጠነቅቅም ዝም ብልም ያው ነው።

«የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ስላለን አይነካንም»

ይነካናል። ስክሪኑ ላይ «መስከረም» ቢልም ውስጡ የሚቆጠረው ያው ሰከንድ ነው።

«ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል»

አይቆምም። አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአብዛኛው 64 ቢት ናቸው። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓትም ለ32 ቢት ማሽኖች መፍትሔ ካበጀ ቆይቷል፤ በፈረንጅ 2020። እኔን የሚያሳስቡኝ ማንም የማያዘምናቸው ዕቃዎች ናቸው። የካሜራ መቅረጫ፣ የድሮ ራውተር (የኢንተርኔት ማከፋፈያ)፣ ከነፕሮግራሙ የተገዛ የላቦራቶሪ ማሽን። ዛሬ የሚገዛው ዕቃ በእኛ 2030 ላይም ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። ሻጩን «ከጥር 11 ቀን 2030 በኋላ ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ቀን ሲሳሳት ምን እንደሚመጣ እኮ ሁላችሁም አይታችኋል። የዴስክቶፑ ትንሿ ክብ ባትሪ ስትሞት፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ብራውዘሩም «ይህ ድረ ገጽ አያስተማምንም» እያለ አላስገባ ይላል። ኢንተርኔት ተቋረጠ ብላችሁ ትደውሉልኛላችሁ። ባትሪዋ ተቀይራ ቀኑ ሲስተካከል ሁሉም ይከፈታል።

የራሳችሁን ፕሮግራም መፈተሽ ከባድ አይደለም። የዳታቤዙን ቅጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ከኔትወርክ ንቀሉት። ቀኑን በፈረንጅ ወደ 2039 ግፉትና አንድ ክፍያ መዝግቡ፣ አንድ ሪፖርት አውጡ፣ አንድ ደረሰኝ አትሙ። የተሳሳተውን ጻፉት። ዋናው ማሽን ላይ ግን በፍጹም አትሞክሩት፤ በተገፋ ቀን የተመዘገበ የደንበኛ ክፍያን መልሶ ማረም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።