እሬት ምንድን ነው? አንድ ቅጠል፣ ሁለት ፈሳሽ

እሬትን ብዙዎቻችን ከተክልነቱ በፊት በምሬቱ እናውቀዋለን። ምግብ ሲመረን «እሬት እሬት ይላል» እንላለን፤ ኑሮ የከፋበት ሰውም «ሕይወት እሬት ሆነብኝ» ይላል። እዚህ ጅማ በኦሮምኛ ሀርጊሳ ይባላል፤ የቅባት ብልቃጥ ላይ ሲጻፍ ደግሞ አሎ ቬራ ይሆናል። ሦስቱ ስሞች ግን ሁልጊዜ አንድ ተክል አይጠሩም። እሬት ወይም ሀርጊሳ ስንል የምንጠራው መላውን ዘር ነው፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ከ40 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። አሎ ቬራ ከዘሩ አንዱ ሲሆን መነሻው የዓረብ ባሕረ ገብ ምድር ነው፤ ስለ እሬት የምንሰማው አብዛኛው ምርምርም የተሠራው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከጋራ ላይ ተነቅሎ የመጣ እሬት ሁሉ የአሎ ቬራን ጠባይ አለው ማለት አይቻልም።

በቀደም አንዲት ጎረቤቴ ከግቢያቸው የቆረጡትን ቅጠል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይህን ጨምቄ በባዶ ሆድ ብጠጣው ስኳሬን ያወርድልኛል አሉኝ፤ እውነት ነው?» መልሱን ከቅጠሉ ጀመርኩ። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጌ ስኒ ውስጥ አቆምኩት። ጥቂት ቆይቶ ስኒው ሥር ቢጫ ፈሳሽ ተጠራቀመ። ከዚያ ቅጠሉን በቢላዋ ስልጥ፣ መሐሉ ላይ እንደ መስታወት የጠራ ዝልግልግ ነገር ወጣ።

ሁሉም ነገር ያለው በእነዚህ ሁለቱ ልዩነት ላይ ነው። ቢጫው ከአረንጓዴው ልጣጭ ሥር ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ምሬቱ ሁሉ የእሱ ነው። አሎይን የተባለ ንጥረ ነገር አለበት፤ ይህም ትልቁ አንጀት ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ሲፈርስ አንጀትን እየቆሰቆሰ ያስቀምጣል። የጠራው ዝልግልግ ግን ከመቶ 98 እጅ በላይ ውኃ ነው፤ ቆዳን የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው።

የሚያሳስበኝ ምሬትን የምናምንበት ልማዳችን ነው። ከኮሶ ዘመን ጀምሮ መድኃኒት የመረረውን ያህል ይፈውሳል ብለን አድገናል። እሬት ላይ ግን ምሬቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ቢጫውን ፈሳሽ ደጋግሞ የሚጠጣ ሰው በተቅማጡ ፖታሲየም ያጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ይዛባል። የልብ መድኃኒት ዲጎክሲንን ወይም ሽንት የሚያሸና ኪኒን ለሚወስድ ሰው አደጋው ይብሳል። ከቢጫው ፈሳሽ በቀን 1 ግራም ያህል ለተከታታይ ቀናት መውሰድ ኩላሊትን እስከ ማበላሸትና እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. እሬትን ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡ የሆድ ድርቀት መድኃኒቶች ያስወጣው አምራቾች ደኅንነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ስላላቀረቡለት ነው። ለ2 ዓመት የሙሉ ቅጠሉን ጭማቂ በውኃ የተሰጣቸው አይጦች ትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ በማውጣቱም፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ጭማቂ በሰው ላይም ምናልባት ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአፋቸው ጨርሶ ባይወስዱት ይመረጣል።

እዚህ ላይ ስለ ጡት ማስጣል ሳልናገር አላልፍም። ልጁ እንዲጠላው ጡት ጫፍ ላይ እሬት መቀባት የቆየ ዘዴ ነው፤ እናቶቻችንም ያደረጉት በክፋት አይደለም። ነገር ግን የሚቀባው ያው መራራው ቢጫ ነው፤ ሕፃኑ ምርር ብሎት ከመትፋቱ በፊት የሚውጠው አይጠፋም። በተቅማጥ ቶሎ ውኃ የሚያልቅበት ደግሞ ሕፃን ልጅ ነው። በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ጊዜ እየቀነሱ፣ በምትኩ ምግብ እያለማመዱ ማስጣል ጊዜ ይወስዳል እንጂ ልጁን አይጎዳውም።

ቆዳ ላይ ሲሆን ወሬው ይለወጣል። ቡና በየቤቱ በሚቆላባት ከተማችን ምጣድ፣ ከሰልና ጀበና ያላቃጠለው እጅ ጥቂት ነው። ቃጠሎ ላይ ሊጥ፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መለጠፍ ቁስሉን ማበላሸት ነው። መጀመሪያ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ሥር ይያዝ፤ ቆዳው ካልተላጠ ከዚያ በኋላ የጠራውን ዝልግልግ መቀባት ይቻላል። ቀላል ቃጠሎ በእሬት ቶሎ እንደሚድን የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ፊት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከደረሰ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ግን ውኃው እንዳበቃ ወደ ሐኪም ነው። የተከፈተ ጥልቅ ቁስል ላይም አይደረግ፤ በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስላቸው የተከፈተባቸውን ሴቶች ሲያነጻጽር፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት በአማካይ በ53 ቀን ሲድኑ አሎ ቬራ የተጨመረላቸው 83 ቀን ፈጅቶባቸዋል።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ቅጠሉ እንደ ጎረቤቴ ቅጠል ለ15 ደቂቃ ያህል ቆሞ ቢጫው ይንጠፈጠፍ፤ እሾሃማው ጠርዝና ልጣጩ ይውጣ፤ ዝልግልጉ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የማይስማማው ሰው እሬትም ላይስማማው ይችላልና፣ መጀመሪያ ክንድ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ይሻላል። ከሱቅ ለሚገዛም አንድ ነገር ልበል፦ የጠራው ዝልግልግ ቀለም የለውም፤ ብልቃጥ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ቀለም ተጨምሮበት ነው።

የጎረቤቴን ጥያቄ ባልመልስ ግን ቅር ይለኝ ነበር። እሬት የደም ስኳርን ትንሽ ሊቀንስ እንደሚችል የሚጠቁሙ አነስተኛ ጥናቶች አሉ፤ የሐኪም መድኃኒት ለመተካት ግን አይበቁም። ከኪኒኑ ጋር ተደርቦ ሲወሰድ ደግሞ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያ ኪኒኑን አልተውም» አሉ። ጠዋት ምጣድ የነካውን አውራ ጣታቸውን አይቼ የታጠበውን ዝልግልግ ቀባሁላቸው፤ ስኒው ሥር የቀረውን ቢጫ ደፋነው። ስኳራቸውን ለመለካት ሰኞ ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ ልንሄድ ተቀጣጠርን።