የክትባት ማመንታት ምንድን ነው? እንዴትስ ይለካል?

አዘዞ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች እናቶች አሉ እንበል። ሁለቱም የ11 ወር ልጅ አላቸው። የክትባት ካርድ አሳዩኝ ብትሏቸው ሁለቱም በፌስታል ጠቅልለው ካስቀመጡበት ያወጡላችኋል። በሁለቱም ካርድ ላይ የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ቦታ ባዶ ነው።

የመጀመሪያዋ እናት ልጅ የ3 ወር ተኩሉን ክትባት ተከትቦ በመጣ ሌሊት ትኩሳት ያዘው። ሲያለቅስ አደረ። አያቱ "ደህና ልጅ ይዘሽ ሄደሽ አሳምመሽ መጣሽ" አሉ። ከዚያ ወዲህ እናትየው ዛሬ ነገ እያለች ቀረች። ሁለተኛዋ ግን ሁለት ጊዜ ሄዳለች። ሁለቱንም ጊዜ "ልጆች አልሞሉም፣ ማክሰኞ ነይ" ተብላ ተመለሰች። አንድ የኩፍኝ ክትባት ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጅ የሚሆን ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ባለሙያዋ ለአንድ ልጅ ብላ ለመክፈት ትሳሳለች። ማክሰኞ ደግሞ ለእናትየው የጉሊት ቀኗ ነው።

ካርዱ እነዚህን ሁለት ሴቶች አይለያቸውም። ያመነታችው ግን የመጀመሪያዋ ብቻ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. በዚህ ጉዳይ ላይ የባለሙያዎች ቡድን አቋቁሞ ነበር። ቡድኑ የደረሰበት ትርጉም ባጭሩ ይህ ነው፦ የክትባት ማመንታት ማለት አገልግሎቱ እያለ ክትባትን ማዘግየት ወይም እምቢ ማለት ነው። "አገልግሎቱ እያለ" የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ። ሁለተኛዋን እናት ከትርጉሙ የምታወጣት እሷ ናት።

በአማርኛ "ማመንታት" የሚለው ቃል ለነገሩ ልክክ ያለ ይመስለኛል። ከ"መንታ" ጋር ዘመድ ነው። ያመነታ ሰው ልቡ ሁለት ሆኗል እንጂ በሩን አልዘጋም። በእምቢታና በእሺታ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ሁሉንም እያስከተበች ሌሊቱን በፍርሃት የምታድር እናት እዚያ ሜዳ ላይ ናት። አንዱን ተቀብላ ሌላውን የምታዘገየውም እንዲሁ። ክትባቱን የጨረሰች ሁሉ አላመነታችም ማለት አይደለም፤ ያልጨረሰች ሁሉ አመነታች ማለትም አይደለም።

ታዲያ ስንቱ ሕፃን እንደተከተበ ቆጥረን ስለ ወላጆች ልብ መናገር አንችልም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት ከ100 ወደ 39 ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት 61 ልጆች ወላጆች ሁሉ ክትባት ይፈራሉ ብሎ የደመደመ ሰው ብዙ እናቶችን በሐሰት ይወቅሳል። አንዷ መንገድ ተዘግቶባት ነው። ሌላዋ ቀኑን ረስታ ነው። ሌላዋ ጋ ክትባቱ ራሱ አልደረሰም።

ማመንታትን ለመለካት ወላጁን መጠየቅ የግድ ነው። ለዚህ ከተዘጋጁት መጠይቆች በጣም የታወቀው ዳግላስ ኦፔል የሚባል በአሜሪካ የሲያትል ከተማ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል ፒኤሲቪ ይሉታል፤ ወላጆች ስለ ሕፃናት ክትባት ያላቸው አመለካከት እንደማለት ነው። 15 ጥያቄዎች አሉት። ልጅዎ ሳይታመም ክትባት አዘግይተው ያውቃሉ? ክትባቱ ጉዳት ያመጣል ብለው ምን ያህል ይሰጋሉ? የልጅዎን ሐኪም ምን ያህል ያምናሉ? የዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው። ማመንታትን የሚያሳይ መልስ 2፣ "እርግጠኛ አይደለሁም" 1፣ የማያመነታ መልስ 0 ያገኛል። ድምሩ ወደ 100 ይቀየራል። 50ና ከዚያ በላይ ያመጣ ወላጅ "ያመነታል" ይባላል።

አሁን ሒሳቡን እንየው። አንዲት እናት ከ15ቱ በ3ቱ ላይ ስጋቷን ተናገረች፤ 6 ነጥብ። በ9ኙ ላይ "እኔንጃ" አለች፤ 9 ነጥብ። የቀሩት 3 ዜሮ ናቸው። ከ30 ነጥብ 15 ሆነ፣ ማለትም ከ100 ላይ 50። ከመስመሩ አለፈች። ግን ይቺ ሴት ከምንም በላይ ያጣችው የሚነግራት ሰው ነው። "እኔንጃ" የበዛበትን 50 እና "አይሆንም" የበዛበትን 50 በአንድ ከረጢት መክተት ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ውጤት ሲነገር የመልሶቹ ዓይነትም አብሮ መነገር አለበት።

ከሲያትል የመጣ መጠይቅ ጎንደር ሲደርስ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ወደ አማርኛ ይተረጎማል፤ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ይህ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ተርጓሚው ክትባትን "መርፌ" ብሎ ጻፈው እንበል። የሮታ (የተቅማጥ) ክትባትና አብዛኛው የፖሊዮ ክትባት በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ነው፤ ስለዚህ ጠብታዎቹ ከጥያቄው ወጡ ማለት ነው። ደግሞ እኛ ዘንድ "ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ አይነካውም" ሲባል ያልሰማ የለም። እናትየው "መርፌ ልጅን ይጎዳል?" ስትባል ይህን አስባ "አዎ" ትላለች። የጠየቅናት ስለ ክትባት፣ የመለሰችው ስለ ታመመ ልጅ።

በመጠይቁ ውስጥ ጭራሽ የሌለ ነገርም አለ። የመጀመሪያው ዙር ክትባት በ6 ሳምንት ነው፤ እኛ "የ45 ቀን" የምንለው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሳለች። "ሳትነሳ ከቤት አትወጣም፣ የሰው ዓይን ይበላታል" የሚሉ ቤቶች ዛሬም አሉ። እዚያ ቤት የሴቷ ክትባት ከወንዱ በወር ከምናምን ሊዘገይ ይችላል። ይህ በክትባቱ ላይ የመጣ ጥርጣሬ አይደለም። ሲያትል ውስጥ ይህን መጠየቅ ለማንም ትዝ አይለውም። እኛ ግን ካልጠየቅን መዘግየቱን እናያለን፣ ምክንያቱን እንስታለን።

ከሁሉም የሚከብደው ይሉኝታ ነው። ተማሪ ሳለሁ መጠይቅ ይዤ ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። አንድ ግቢ ገባሁ። እናትየው ከሰል እያራገቡ ቡና ያፈላሉ፤ ሕፃኑ ጀርባቸው ላይ ተኝቷል። እኔ ጋውን ለብሻለሁ። "ክትባት ለልጄ ጤና ይጠቅማል" ብዬ አነበብኩ። "እስማማለሁ።" "የጤና ባለሙያዎችን አምናለሁ።" "እስማማለሁ።" ቀጥዬ "ክትባት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል" አልኩ። "እሱንም እስማማለሁ ልጄ።" እሳቸው የተስማሙት ከእኔ ጋር እንጂ ከጥያቄው ጋር አልነበረም። እንግዳ አይቃወሙማ።

ወረቀቱን አጠፍኩና ቡናውን ጠጣሁ። ቶናው ላይ ነው የተናገሩት። "የትልቁ ልጄ ክንዱ ቆስሎ ስንት ሳምንት መግል ያዘ። ይሄን ለሲስተር ብነግራት ትቆጣኛለች ብዬ ዝም አልኩ።" ሲወለድ ክንዱ ላይ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። ትንሽ ቁስል ያወጣል፣ ከሳምንታት በኋላ ይደርቃል፣ ጠባሳ ይተዋል። የሚጠበቅ ነገር ነው። ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም። ያን ፍርሃት ዓመታት ተሸክመውት ኖረዋል። ቶናውን ሳልጠብቅ ብሄድ ኖሮ ይህ ፍርሃታቸው ወረቀቴ ላይ ጨርሶ አይመዘገብም ነበር።

ለዚህ ነው ጥሩ መጠይቅ ደጋፊና ተቃዋሚ ዓረፍተ ነገሮችን የሚያቀላቅለው። ለሁሉም "አዎ" ያለ ሰው ወዲያው ይለያል። ጠያቂው ራሱ ከታቢዋ ባትሆንም ይመረጣል፤ "አላምንሽም" ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ማን አለ? ጋውኑም ቤት ይቅር። ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡ የሚል ጥያቄ ላይም ቁጥሩ ግራ የሚያጋባቸው እናቶች አሉ። እኔ ቢሆን 10 የባቄላ ፍሬ ፊታቸው አስቀምጬ "ምን ያህሉን ታምኛለሽ?" ብል እመርጣለሁ።

ማን ይጠየቅ የሚለውም ቀላል አይደለም። አብዛኛው ጥናት እናትን ይጠይቃል። ከላይ ያለችውን የአዘዞ እናት ያስቀራት ግን የአያት ቃል ነው። ልጁን ቀን ቀን የምትይዘው ሠራተኛ ወይም አክስት ናት። የታክሲውን የሚከፍለው አባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው አዲሱ መለኪያ ይህን በመጠኑ ያስባል። አራት ነገር ይጠይቃል፦ ሰው ስለ ክትባት የሚያስበውንና የሚሰማውን፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሚሉትን፣ ለማስከተብ ያለውን ፍላጎት፣ እና ተግባራዊውን ነገር፤ ርቀቱን፣ ወጪውን፣ የአገልግሎቱን ሁኔታ። እኔ ይህን አራተኛውን እወደዋለሁ። ወላጅን ብቻ ሳይሆን ጤና ጣቢያውንም ይመዝናል።

ከ15ቱ ጥያቄ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምር ብባል "ባለፈው ስትሄጂ ምን ተባልሽ?" የሚለውን እጨምራለሁ። ሁለተኛዋ የአዘዞ እናት ለእሱ ጊዜ አይወስድባትም፤ "ማክሰኞ ነይ።"