የድሬ ሙቀት ቺፑን ይቀይረዋል ወይ?

ግሩፓችን ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ስለሆነ ላጥራው። በብርሃን የሚሠሩ ቺፖች ላይ የሚገባው ፌዝ-ቼንጅ ማቴሪያል (በሙቀት የሚቀያየር ቁስ) «ሁኔታውን ይቀይራል» ሲባል፣ ብዙዎቻችሁ እንደ በረዶ ቀልጦ ፈሳሽ ሆኖ የሚቀር ይመስላችኋል። አይደለም። ሁለቱም ሁኔታዎች ጠጣር ናቸው። የሚለየው የአቶሞቹ አደራደር ነው፦ በሥርዓት ሲሰለፉ ክሪስታል፣ ሲዘበራረቁ አሞርፈስ ይባላል።

የታወቀውን ጂኤስቲን እንውሰድ፤ ከጀርማኒየም፣ ከአንቲሞኒና ከቴሉሪየም የተሠራ ነው። ብርሃን በሚሄድበት ቀጭን መስመር ላይ በስሱ ይለበጣል። ክሪስታል ሲሆን ብርሃኑን ይውጣል፣ አሞርፈስ ሲሆን አብዛኛውን ያሳልፋል። 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሞቅ ክሪስታል ይሆናል። ወደ አሞርፈስ ለመመለስ ግን 600 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ለቅጽበት መቅለጥና በናኖ ሰከንዶች ውስጥ መቀዝቀዝ አለበት። መቅለጥ ያለው እዚህች ጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ ድሬዳዋ 40 ዲግሪ ብትገባም አይነካውም። መብራት ቢሄድም የያዘውን ሁኔታ እንደያዘ ይቆያል፤ ኃይል የሚፈልገው ሲቀየር ብቻ ነው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው፤ ደጋግሞ የሚጻፍበት ዲቪዲም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ማቴሪያል ነው።

እስካሁን ያልኩት አያከራክርም። የሙቀቱ ልክ፣ ፍጥነቱ፣ የሚባክነው ብርሃንና ስንት ጊዜ መቀያየር እንደሚችል ግን እንደ ማቴሪያሉና እንደ አሠራሩ ይለያያል። ለምሳሌ ሌላው ፌዝ-ቼንጅ ማቴሪያል፣ አንቲሞኒ ሰልፋይድ፣ ከጂኤስቲ በጣም ያነሰ ብርሃን ነው የሚያባክነው።