የባሕር ዛፍ ዘይት ምንድን ነው?

አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጥሳችሁ ወደ ብርሃን አንሡት። ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ። ዘይቱ የተቀመጠው እነዚያ ውስጥ ነው። ቅጠሉን ስታሹት ከረጢቶቹ ይፈነዱና ያ አፍንጫ ሰንጥቆ የሚገባ ሽታ ይወጣል።

ዛፉ የአውስትራሊያ ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ቅጠሉን ለመድኃኒትነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ዘይቱን በእንፋሎት እያነጠረ ለገበያ ማውጣት የጀመረው ደግሞ ጆሴፍ ቦሲስቶ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ቪክቶሪያ በተባለችው የአውስትራሊያ ክፍል ውስጥ።

ሥራውን የሚሠራው ዩካሊፕቶል (ሲኒኦልም ይባላል) የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ለመድኃኒት የሚሆነው ዘይት ቢያንስ 70 በመቶው እሱ እንዲሆን ይፈለጋል። ነጭ ባሕር ዛፍ የሚመረጠውም ይህ በብዛት ስላለው ነው።

ጉንፋን ይዞን ስንታጠን «አፍንጫዬ ተከፈተ» እንላለን። የሚገርመው ግን የአየሩ መተላለፊያ ሲለካ ያን ያህል አልሰፋም። ሽታው አፍንጫ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚለዩ ነርቮችን ስለሚነካ፣ አየሩ እንደ ልብ የሚገባ ይመስለናል። ማታለል ነው ብሎ መናቅ ግን አይገባም። ተጨናንቆ ላደረ ሰው እፎይታው እፎይታ ነው። ጉንፋኑን ያመጣውን ቫይረስ ግን አይገድልም።

በእንክብል ሲሆን ነገሩ ይለያል። ጀርመን ውስጥ 200 ሚሊግራም ሲኒኦል የያዙ እንክብሎች ለሳይነስና ለብሮንካይትስ (ለሳንባ አየር ቧንቧዎች ብግነት) ይሰጣሉ። አክታን ያቀጥናሉ፣ ብግነትንም ይቀንሳሉ። መጠኑ የተለካ፣ ለመዋጥ ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት ነው።

የጠርሙሱ ዘይት ግን በፍጹም አይጠጣም! «ከተፈጥሮ የመጣ ምን ይጎዳል?» የሚሉ ሰዎች እዚህ ጋ ነው የሚሳሳቱት። አንዲት የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሕፃን ልጅን ራሱን ልታስት፣ ልታንቀጠቅጥም ትችላለች። ቆዳ ላይ የሚቀባ ከሆነም በምግብ ዘይት ወይም በሌላ ቅባት መቅጠን አለበት፤ ንጹሑ ያቃጥላል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አፍንጫና ፊት አካባቢ ጭራሽ አይደርስም፤ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ሽታው ራሱ ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ሐኪም ቢጠይቅ ይሻላል።

ስለ መታጠን አንድ ነገር ልጨምር። ለልጅ የፈላ ውኃ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ጨርቅ መከናነብ አደገኛ ነው። ተገለበጠ ማለት ከጉንፋን ወደ ቃጠሎ መሸጋገር ነው።

ልጅ ዘይቱን ከጠጣ እንዲያስታውክ ለማድረግ አትሞክሩ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሕክምና ሩጡ።